የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለመመሪያና ለቴምፕሌት የትኛው ላይሰንስ ይሻላል?

በዚህ ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ በርካታዎቹ ስለ ላይሰንስ፣ ማለትም ስለ አጠቃቀም ፈቃድ፣ ስለሆኑ አንድ ላይ አውጥተናቸዋል። ረዘም ያሉትን ትንሽ አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። እኛ አዲስ አበባ በተለያየ መስሪያ ቤት የምንሰራ አራት ጓደኛሞች ነን። ማታ ማታና ቅዳሜ እየተገናኘን የሶፍትዌር ዶክመንቴሽን በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳይ መመሪያ አዘጋጅተናል፣ ከሱ ጋር ደግሞ ሰው ወስዶ የሚሞላቸው ቴምፕሌቶች አሉ፤ የሪድሚ (የፕሮጀክት መግቢያ ፋይል)፣ የተጠቃሚ መመሪያ፣ የስህተት ሪፖርት ፎርም፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ምናምን። ጊትሃብ (የኮድና የፋይል ማጋሪያ ድረ ገጽ) ላይ ልናወጣው ስንል ግን ላይሰንስ ላይ መስማማት አቃተን። አንዱ ኤምአይቲ የሚባለው የሶፍትዌር ላይሰንስ ለሁሉም ይበቃል ይላል፣ አንዷ ለጽሁፍና ለምስል የሚሆነው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ነው የሚሻለው ትላለች፣ ሌላው ሰው ወስዶ እንዳይሸጠው «ለንግድ አይውልም» የሚል ይግባበት ይላል። እኔ ደግሞ የምለው፣ በነፃ ልንሰጠው ከሆነ ላይሰንስ ለምን ያስፈልጋል? ዝም ብለን ብንለቀውስ?

መልስ፦ ካንተ ሀሳብ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስበው እንዳንተ ነው። ዝም ብሎ መልቀቅ ነፃ ማድረግ አይደለም። የኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለው፣ አንድ ወጥ የሆነ ስራ ተጽፎ ወይ ተቀርጾ እስካለ ድረስ ያለ ምንም ምዝገባ ከተሰራበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል ነው፣ ጥበቃውም ደራሲው በህይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ምንም ሳትጽፉ ስትለቁት በህግ ፊት «ሁሉም መብት የተጠበቀ ነው» እንዳላችሁ ነው የሚቆጠረው። ጊትሃብ ላይም ቢሆን ፐብሊክ ሪፖ (ለሁሉም ክፍት የሆነ የፋይል ማህደር) ስትከፍቱ ሰው እንዲያየውና እዛው ጊትሃብ ላይ ፎርክ እንዲያደርገው፣ ማለትም ወደ ራሱ ገጽ እንዲገለብጠው፣ ብቻ ነው የምትፈቅዱት፣ አውርዶ አሻሽሎ ለሌላ እንዲያድል አይደለም። ግድ የማይሰጠው ሰው እንደሆነ በቃ ይወስደዋል። የሚቀረው ጠንቃቃው ነው፤ የህግ ክፍል ያለው ድርጅት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ እርዳታ ድርጅት፣ ማለትም ስራችሁን በደንብ ሊያሰራጭላችሁ ይችል የነበረው። እሱ ፈቃድ በጽሁፍ ካላየ አይነካውም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። አንዱን ላይሰንስ ለሁሉም ነገር መለጠፍ ነው ያጋጫችሁ እንጂ አራታችሁም ልክ የሆነ ነገር አላችሁ። እኔ ሁልጊዜ የማየው ፋይሉን የሚወስደው ሰው ምን ሊያደርግበት ነው የሚለውን ነው። መመሪያውን ሰው ያነበዋል፣ ያባዛዋል፣ ምናልባት ወደ ኦሮምኛ ወይ ወደ ትግርኛ ይመልሰዋል። ቴምፕሌቱን ግን ማንም አያነበውም፣ ይሞላዋል፤ ከሞላው በኋላ ደግሞ ሰነዱ የሱ ነው። በመመሪያው ውስጥ ያለችውን አጭር ኮድ ደግሞ ኮፒ አድርጎ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባታል። ሶስቱ የተለያየ ነገር ስለሆኑ ሶስቱም አንድ ላይሰንስ ሊሸከሙ አይገባም።

ከመመሪያው ስንጀምር ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0፣ ባጭሩ ሲሲ ባይ፣ ለናንተ የሚስማማ ይመስለኛል። በ2013 የወጣ ነው (የላይሰንሶቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ሰው እንደፈለገ ያባዛው፣ ይቀይረው፣ ይተርጉመው፣ ይሽጠውም፣ ነገር ግን ስማችሁን ይጥቀስ፣ ላይሰንሱን ይጥቀስና ሊንኩን ያስቀምጥ፣ የቀየረው ነገር ካለ ቀይሬዋለሁ ይበል፣ ነው የሚለው። አጠቃቀሱም እንደ ሁኔታው ነው፣ መጽሐፍ ከሆነ መግቢያው ላይ፣ ቪዲዮ ከሆነ መጨረሻው ላይ፣ ለቦታው ተገቢ እስከሆነ ድረስ ላይሰንሱ አያስጨንቅም። የኩበርኔትስ (የሰርቨር ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ዶክመንቴሽን በዚሁ ላይሰንስ ነው፣ የጊትሃብ የራሱ ዶክመንቴሽንም ጽሁፉ ሲሲ ባይ 4.0 ሲሆን ኮዱ ኤምአይቲ ነው።

ኤምአይቲ ለሁሉም ይበቃል ላለው ጓደኛህ፣ አልተሳሳተም፣ የኤምአይቲ ጽሁፍ ራሱ ሶፍትዌሩን «እና ተያያዥ የዶክመንቴሽን ፋይሎችን» ይላል፤ መመሪያው ከአንድ ፕሮግራም ጋር አብሮ የሚሄድ ቢሆን እኔም እሱን እል ነበር። የናንተ ግን ራሱን የቻለ ጽሁፍ ነው። ኤምአይቲ ደግሞ የኮፒራይት መስመሩና የፈቃዱ ጽሁፍ ሙሉውን በእያንዳንዱ ኮፒ ወይም ሰፋ ያለ ቅንጭብ ውስጥ ይግባ ስለሚል አንድ አስተማሪ ከመመሪያው ሶስት ገጽ አባዝቶ ለክፍሉ ሊያድል ሲፈልግ ያንን የእንግሊዝኛ የህግ አንቀጽ አብሮ ማተም ሊኖርበት ነው። በሲሲ ባይ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ቴምፕሌቱ ላይ ግን ሲሲ ባይን አትጠቀሙ፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። አንዲት ልጅ የቃለ ጉባኤ ቴምፕሌታችሁን ወሰደች እንበል፤ ቀኑን፣ የተገኙትን ሰዎች፣ አጀንዳውን፣ የተወሰነውን ሞላችና የመስሪያ ቤቷ ድረ ገጽ ላይ አወጣችው። ቴምፕሌቱ ሲሲ ባይ ከሆነ ግርጌው ላይ «ይህ ሰነድ የእነ እገሌን ቴምፕሌት መሰረት ያደረገ ነው፣ ላይሰንሱ ይሄ ነው፣ ለውጥ ተደርጎበታል» የሚል መኖር አለበት ማለት ነው። በመስሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ላይ! ማንም አያደርገውም፣ ስለዚህ ቴምፕሌታችሁን ሞልቶ ለህዝብ ያወጣ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ላይሰንስ የጣሰ ይሆናል፣ እያወቀ መጣስ የማይፈልገው ደግሞ አይነካውም። ከሲሲ ባይ ኤስኤ ጋር ይብሳል፣ እሱ የተሻሻለው ስራም በዚያው ላይሰንስ ይለቀቅ ስለሚል አንድ ድርጅት የውስጥ ሰነዱን በሱ ላይ ሲሰራ ይሄ እኔንም ይመለከተኛል ወይ ብሎ መጨነቁ አይቀርም። የሚሞላ ፎርም ይዞት የሚመጣ ግዴታ ባይኖር ነው የሚሻለው።

ስለዚህ ለቴምፕሌቶቹ ሲሲ ዜሮ። በ2009 የወጣ ነው፣ ባለቤቱ መብቱን ሙሉ በሙሉ ይተዋል፣ ስም መጥቀስ የለም፣ ሊንክ የለም፣ ምንም የለም። እዚህ ጋ አንድ የምወድለት ነገር አለ። በብዙ ሀገር ህግ፣ የኛንም አዋጅ ጨምሮ፣ ደራሲ ከኢኮኖሚያዊ መብቱ ሌላ የሞራል መብት የሚባል አለው፣ ይሄንን ደግሞ ሁሉም ሀገር እርግፍ አድርጎ መተው አይፈቅድም። ሲሲ ዜሮ ይሄን አስቀድሞ አስቦበታል፤ መብቱን መተው ካልተቻለ እንግዲያው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ፈቅጃለሁ ይላል፣ ያም የማይሸፍነው ነገር ከቀረ ደግሞ ያንን መብት ተጠቅሜ አልጠይቅህም ይላል። ባለ ሶስት እርከን ነው። «ለህዝብ ሰጥቻለሁ» ብሎ ራስ በራስ አንድ መስመር መጻፍ ይሄን ያህል አይሸፍንም። ፕሮግራመር ሁሉ የሚያውቃቸው የጊትሃብ የጊትኢግኖር ቴምፕሌቶች (የትኞቹ ፋይሎች ሪፖው ውስጥ እንዳይገቡ የሚናገሩ ዝርዝሮች) በሲሲ ዜሮ ናቸው፣ ስትጠቀሙባቸው የማንንም ስም ጽፋችሁ አታውቁም፣ መጻፍም የለባችሁም።

የኮድ ምሳሌዎቹ ላይ ግን ሲሲ ዜሮን ትታችሁ ኤምአይቲ ዜሮ ወይም ዜሮ ቢኤስዲ አድርጉ፣ ሁለቱም ስም ጥቀስ የማይሉ የኮድ ላይሰንሶች ናቸው። ሲሲ ዜሮ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) መብትን አልተውኩም የሚል ቃል ስላለበት የሊኑክስ አዘጋጁ ፌዶራ በ2022 በሱ የተለቀቀ ኮድ ከእንግዲህ አልቀበልም ብሏል፣ ለጽሁፍና ለሌላ ይዘት ግን አሁንም ይቀበላል። ኤምአይቲ ዜሮ ማለት ያው ኤምአይቲ ነው፣ የኮፒራይቱን ጽሁፍ አካትት የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጥታለች። ለኮድ ምሳሌ ግዴታ የሌለው ላይሰንስ መስጠት የኔ ፈጠራ አይደለም፤ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ከ3.8.6 ቨርዥን ጀምሮ ዶክመንቴሽኑ ውስጥ ያሉትን የኮድ ምሳሌዎች በዜሮ ቢኤስዲም ለቋቸዋል፣ የሞዚላው የዌብ መማሪያ ኤምዲኤንም ጽሁፉ ሲሲ ባይ ኤስኤ ሆኖ ከነሐሴ 2010 (በፈረንጅ) ወዲህ የተጨመሩት የኮድ ምሳሌዎች ግን ሲሲ ዜሮ ናቸው። ስድስት መስመር ኮድ ኮፒ ያደረገ ልጅ ፕሮግራሙ ውስጥ የአመስጋኝነት ዝርዝር እንዲይዝ አልፈለጉም።

ሽያጩን የፈራው ጓደኛህን ስሜት እረዳለሁ፣ ሰው ለፍቶ የሰራውን ሌላው ዋጋ ለጥፎበት ሲያየው ያቃጥላል። ግን «ለንግድ አይውልም» የሚለው፣ ኤንሲ የሚባለው፣ የሚይዘው የፈራችሁትን ሰው ብቻ አይደለም። ክፍያ የሚያስከፍል ትንሽ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ንግድ ነው? ስድስት ኪሎ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ለተማሪ በገጽ እያስከፈለ ቢያባዛውስ? አሜሪካ ውስጥ ግሬት ማይንድስ የሚባል ድርጅት የሂሳብ መማሪያውን በኤንሲ ለቆ፣ ትምህርት ቤቶች ፌዴክስ ኦፊስ እየከፈሉ ሲያባዙት ማባዣውን ከሶት ነበር፤ በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ማባዣ ቤቱ ለትምህርት ቤቶቹ ብሎ እስካባዛ ድረስ ላይሰንሱ አልተጣሰም ብሎ ፈረደ። እስከዚያ ድረስ የሄደ ክርክር ነው፣ የኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ የሚከራከርበት ጠበቃ የለውም። አማርኛ ዊኪፒዲያም የኤንሲ ጽሁፍ አይወስድም። በሲሲ ባይ ግን የሚሸጥም ሰው ስማችሁንና ምንጩን መጻፍ ግዴታው ስለሆነ ገዢው ሊንኩን ተከትሎ በነፃ ያለውን ያገኘዋል፣ እናንተ እንደደገፋችሁት አስመስሎ መሸጥም አይችልም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እኛ ጋ ፋይል የሚዞረው በቴሌግራም ነው። ሪፖው ውስጥ የምታስቀምጡት የላይሰንስ ፋይል ቴሌግራም ላይ አብሮ አይሄድም፣ የሚሄደው ፒዲኤፉ ወይ ወርዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ላይሰንሱን እያንዳንዱ ፋይል ውስጥም ጻፉት። መመሪያው ሁለተኛ ገጽ ላይ እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «የጽሁፉ አዘጋጆች እነ እገሌ ናቸው። ጽሁፉ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 ኢንተርናሽናል ላይሰንስ፣ የኮድ ምሳሌዎቹ በኤምአይቲ ዜሮ ተለቀዋል» ከነሊንኩ። ቴምፕሌቱ ላይ ደግሞ አናቱ ላይ፦ «ይህ ቴምፕሌት በሲሲ ዜሮ 1.0 የተለቀቀ ነው። ስማችንን መጥቀስ አይጠበቅባችሁም፣ ይህን መስመርም አጥፉት።» ይቺን «አጥፉት» የምትለዋን እንዳትረሷት፣ ካልተባለ ሰው ማጥፋት ይፈራል።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? እኔ ጀርመን ነው የምኖረው፣ የኤምዲኤንን የዌብ ትምህርት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ ቀጥሎም ኩበርኔትስንና ፓይተንን አስቤያለሁ። ስጨርስ ሁሉንም በሲሲ ባይ ልለቀው እችላለሁ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ በርቺ፣ ትልቅ ስራ ነው የያዝሽው። ትርጉም በኮፒራይት አይን የተሻሻለ ስራ ስለሆነ የምትመርጪውን ላይሰንስ የሚወስነው ዋናው ጽሁፍ ነው። ኤምዲኤን ሲሲ ባይ ኤስኤ 2.5 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ቨርዥን ስለሚል ያንቺም ትርጉም ባይ ኤስኤ መሆን አለበት፣ 4.0ን መምረጥ ትችያለሽ፣ ኤስኤውን መጣል ግን አትችይም። ኩበርኔትስ ሲሲ ባይ 4.0 ስለሆነ በሲሲ ባይ መልቀቅ ይቻላል፣ ምንጩንና ትርጉም መሆኑን ጽፈሽ። ፓይተን ለየት ይላል፤ ኦፊሴላዊው የትርጉም ፕሮጀክት ውስጥ ከገባሽ ትርጉምሽን በሲሲ ዜሮ እንድትሰጪ ነው የሚጠይቁት፣ ያ ደግሞ ተርጓሚዋ አንቺ የጨመርሽውን ይመለከታል እንጂ ዋናውን ጽሁፍ አይደለም። ሶስቱን አንድ ፎልደር ውስጥ ቀላቅለሽ አንድ ላይሰንስ ላያቸው ላይ እንዳታደርጊ፣ እያንዳንዱን ለብቻው አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በቨርጂኒያ የዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ ለረጅም ጊዜ አገልግያለሁ። የመተዳደሪያ ደንብ፣ የአባልነት ፎርምና የሂሳብ ሪፖርት ናሙና በወርድ አዘጋጅቼ ለሌሎች ዕድሮች ልሰጥ አስቤያለሁ። እንዳይበላሽብኝ «መለወጥ አይቻልም» የሚለውን ላይሰንስ ባደርግበትስ? የኛ ዕድር አርማም አለበት።

መልስ፦ አባታችን፣ እንዲህ ያለ ስራ ለሌላው ማሰብዎ እግዜር ይስጥልን። እንዳይበላሽ ያሉት ይገባናል፣ ደንብ ላይ አንድ ቃል ስትዛባ ጠብ ታመጣለች። ግን «መለወጥ አይቻልም» የሚለው፣ ኤንዲ የሚባለው፣ የተቀየረውን ለሌላ ማካፈል ይከለክላል። የሌላው ዕድር ጸሐፊ የእርስዎን ናሙና ወስዶ መዋጮውን፣ የለቅሶ ቀኑን፣ የኮሚቴውን ቁጥር በራሱ ልክ አስተካክሎ ለአባላቱ ሲያድል ያንን ነው የሚያደርገው፤ ለልጆች ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ መታደሉም ይቀራል። ናሙናው የተዘጋጀው ሊለወጥ ነውና በሲሲ ዜሮ ይልቀቁት። የራስዎን ዋናውን ቅጂ ለመጠበቅ ፒዲኤፍ አድርገው ቀኑን ጽፈው ለብቻ ያስቀምጡ፣ ሰው ማወዳደር ሲፈልግ ወደሱ ይመለሳል።

አርማውን ግን ያውጡት፣ ቦታውን ባዶ ትተው «የዕድሩ አርማ» ብለው ይጻፉበት። ላይሰንሱ ጽሁፍዎን ይሰጣል እንጂ የማህበርን መለያ አይደለም። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶም ካለ እንደዚሁ፣ የእርስዎ ያልሆነውን እርስዎ ሊፈቅዱት አይችሉም። ፎንቱን ደግሞ ይዩት። ኒያላ ለዊንዶውስ የሚሆን የማይክሮሶፍት ፎንት ነው፣ በሱ ተጽፎ መታተሙ ችግር የለውም፣ የፎንቱን ፋይል ከናሙናው ጋር አብሮ ማደል ግን አይቻልም። በአቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም በኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ቢያደርጉት ሁለቱም በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ስለሆኑ ከነላይሰንሳቸው አብረው ሊያድሏቸው ይችላሉ፣ በእነሱ የተጻፈው ሰነድ ላይም ምንም ግዴታ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ቴምፕሌቶቹን የሰራኋቸው ተቀጥሬ በምሰራበት ድርጅት ውስጥ በስራ ሰዓት ነው። ስሜ አለበት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ልለቀው እችላለሁ አይደል?

መልስ፦ መጀመሪያ ውልህን አንብብ። በአዋጁ መሰረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ተቀጥረህ የሰራኸው ስራ ባለቤት ቀጣሪህ ነው፣ ስለዚህ ላይሰንስ የሚሰጠውም እሱ ነው። አለቃህን በቃል ጠይቀህ «ችግር የለውም» ስላለህ ብቻ አትልቀቀው፣ የፋይሎቹን ዝርዝርና የላይሰንሱን ስም የያዘች አንዲት ኢሜይል ጻፍና «ተፈቅዷል» የሚል መልስ ይስጡህ፣ አስቀምጣት። ብዙ ቦታ ባዶ ፎርም ምስጢር ስላልሆነ ይፈቅዳሉ። ከባልደረቦችህ ጋር የሰራኸው ካለ እነሱም ይወቁ።

ጥያቄ፦ አንዴ በሲሲ ባይ ከለቀቅኩት በኋላ ሀሳቤን ብቀይርስ?

መልስ፦ ካሁን በኋላ ማደል ማቆም ትችላለህ፣ አዲሱን እትምህንም በሌላ ላይሰንስ ማውጣት መብትህ ነው። የበፊቱን የወሰደ ሰው ግን የላይሰንሱን ግዴታ እስካከበረ ድረስ ፈቃዱ አይነሳበትም፣ ለሌላም ያስተላልፋል። ላይሰንሱን የጣሰ ሰው ፈቃዱ ወዲያው ይቋረጥበታል፣ ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ ግን በ4.0 ቨርዥን ፈቃዱ በራሱ ይመለስለታል፤ ስለዚህ ስምህን ሳይጠቅስ የለጠፈ ሰው ካየህ ክስ ከማሰብህ በፊት መልእክት ላክለት፣ አብዛኛው ሰው ወዲያው ያስተካክላል። ስምህ ከተቀየረው ስራ ጋር መያያዙን ካልፈለግህም ስሜን አውጣው ማለት ትችላለህ፣ ለሱ የሚያመች እስከሆነ ድረስ ማውጣት አለበት።